የካክተሴ ንጽህና እንዴት እንደ ተረጋገጠ

በአንድ ግቢ ውስጥ ጠብ ሲነሣ ማን ከማን ጋር እንደ ተጣላ አስቀድሞ ካልተለየ፣ ነገሩ ይበዛል እንጂ አያልቅም። ስለዚህ ባለጉዳዮቹን በየተራ ላስተዋውቅ። አንደኛ፣ ወይዘሮ አትጠገብ፤ ወረታ ውስጥ ክፍል ያከራዩኝ የግቢው ባለቤት። ሁለተኛ፣ ወንድማቸው አያ ደሴ፤ ሜዳው ላይ ሩዝ የሚያመርቱና ስለ ማናቸውም ተክል ሳይጠየቁ የሚያስረዱ ገበሬ። ሦስተኛ፣ ጎረቤታችን የኔታ ጥበቡ፤ የቤተ ክርስቲያን መምህርና የሠፈሩ አስታራቂ። አራተኛ፣ የግራ ዓይኗ የሚያለቅስ የወይዘሮ አትጠገብ ጥጃ። አምስተኛ፣ ተከሳሹ፤ እስከ ደረቴ የደረሰ ካክተስ። የቀረሁት እኔ ነኝ፤ የተከሳሹ ጠበቃ።

ካክተሱን ከባሕር ዳር ያመጣሁት ጣት ሳያክል ነው። አፈሩን ከርብ ወንዝ አሸዋ ጋር እኩል ለእኩል አደባልቄለታለሁ። በበጋ በየሁለት ሳምንቱ ብቻ አጠጣዋለሁ፤ ክረምት ሲገባ ዝናቡ እንዳያበሰብሰው ጣሪያ ሥር አስጠጋዋለሁ። ወደ ፀሐይ እንዳያዘነብል ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ ማሰሮውን ሩብ ዙር አዞረዋለሁ። ውጤቱ ምን ሆነ? በግቢው ውስጥ ከእኔ ሌላ ቀጥ ያለ ነገር ቢኖር እሱ ብቻ ነበር። ቅርንጫፍ የለው፣ ጉብጠት የለው።

አንድ ጠዋት ወይዘሮ አትጠገብ የክፍሌን በር ደበደቡ። ጥጃዋ ካክተሱ አጠገብ ተኝታ አግኝተዋታል። «አንቺ ልጅ፣ ይኼ ቁልቋልሽ ጥጃዬን ሊያሳውርብኝ ነው! ዛሬውኑ ከግቢዬ ይውጣ፤ እሱ ካልወጣ አንቺ ትወጫለሽ» አሉኝ። ፍርሃታቸው መሠረት የለውም አልልም፤ የቁልቋል ነጭ ወተት ዓይን እንደሚጎዳ የማያውቅ የአገራችን ሰው የለም። ስሕተቱ የተከሳሹ ማንነት ላይ ነው። ቁልቋል እንዳልሆነ ባስረዳቸው፣ «ታዲያ ምንድን ነው? ጎመን ነው?» አሉ። አያ ደሴም ቀበል አድርገው፣ «ቅጠል የለው፣ ጥላ የለው፤ ቁልቋል ካልሆነ የመብራት ምሰሶ ነው» ሲሉ መሰከሩ።

የኔታ ተጠሩ። ግራ ቀኙን ሰምተው፣ ወተት ካለው ተወግቶ ይታይ አሉ። ብልህ ፍርድ ነበር። መርፌ በአልኮል ጠርጌ ከሥሩ ወጋ አደረግሁት፤ እንደ ምንጭ ውሃ የጠራ ጠብታ ወጣ።

አያ ደሴ ግን፣ «ከሥሩማ ምን ይወጣል! ወተቱ ያለው ጫፉ ላይ ነው» አሉ። እምቢ ማለት እችል ነበር። ሆኖም በአንድ ናሙና ብቻ መደምደም ነውር መሆኑን ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ለአራት ዓመታት ስለ ዕፅዋት ሳጠና ተምሬያለሁ። ጫፉ የተቆረጠ ካክተስ ዳግመኛ ቀጥ ብሎ እንደማያድግ፣ በየጎኑ እንዳሻው እንደሚያቆጠቁጥም ተምሬያለሁ። ቢላ አመጣሁና ጫፉን ቆረጥሁ። የጠራ ውሃ! የኔታ «በቃ፣ ነገሩ ታየ» ብለው ሊነሡ ሲሉ፣ የሥርና የጫፍ ናሙና ተወስዶ የመካከሉ ቢቀር ምርመራው ጎደሎ እንደሚሆን በትሕትና አሳሰብኳቸው። ከሳሿ ወይዘሮ አትጠገብ እንኳ፣ «ኧረ ተይው፣ የኔ ልጅ!» ብለው እጄን ያዙ። ተዉኝ አልኳቸው። በሜትር ለክቼ፣ ትክክለኛውን እኩሌታ በእስክርቢቶ አስምሬ፣ ለሁለት ከፈልሁት። የነጭ ወተት ምልክት የለም። ውጤቱ ፈጽሞ የማያሻማ ነበር።

ይህ ሁሉ ከተፈጸመ በኋላ አያ ደሴ የጥጃዋን ራስ በጉልበታቸው ያዝ አድርገው የዓይኗን ቆብ ገለጡና በነጠላቸው ጫፍ አንዲት የሩዝ ገለባ ስባሪ አወጡ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ከመካከላችን የታመመውን ዓይን የመረመረ ሰው አልነበረም። ወይዘሮ አትጠገብ ደረታቸውን መትተው፣ «ውይ፣ በከንቱ ስሙን አጠፋሁት!» አሉ።

የኔታ ከመሬት የተጋደመውን ግማሽ በጥንቃቄ ተሻግረው ቆሙና ፍርዳቸውን ሰጡ፦ ተክሉ ንጹሕ ነው፤ ባለበት ይኑር፤ ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ግቢ ማንም ሰው ስለት እንዳያሳርፍበት። ወይዘሮ አትጠገብ ተስማሙ፤ አያ ደሴ ተስማሙ። እኔም ቢላውን ጠርጌ ተስማማሁ።