የሐሰን ልጅ መብረቅ

በልጁ የሚመካ አባት አይታችሁ ታውቃላችሁ? የሎጊያውን በያጅ ሐሰንን ካላያችሁ ምንም አላያችሁም። የተሰበረ ሞተር ሳይክሌን ላስበይድ ከሰመራ ብሄድ፣ ስልኩን አፍንጫዬ ሥር ደቀነብኝ።

"ልጄ ፋጡማ ናት የቀረጸችው። ውጭ አገር፣ ላቦራቶሪ ውስጥ መብረቅ ሠርተው የአውሮፕላን አካል ላይ ይለቁበታል። የት እንደሚጎዳው በፈጣን ካሜራ እየቀረጹ ያጠናሉ።"

መብረቁ ዓይን እስኪጨፈን እንኳ አይቆይም። ካሜራው ግን እያዘገመ ሲያሳየው ቪዲዮው ሳያበቃ የከባድ መኪና ጎማ ተቀይሮ ያልቃል። ምን አማራጭ አለኝ? ከሁለት ሾፌሮች ጋር ተደርድሬ አየሁ።

ሐሰን ድንገት ቪዲዮውን አቆመው። ከአንድ ቡሎን ሥር ብልጭታ ይፈናጠራል።

"ይሄ ቡሎን ላልቷል" አለ።

በሆዴ ሳቅሁ። የጋራዥ ሰው ደግሞ አውሮፕላን ሊያርም? እሱ ግን ደውሎ ጠየቃት፤ እኛም እንድንሰማ ድምፁን ከፈተው።

"አባ፣ በምን አወቅህ?" አለች ፋጡማ። "እኛ እኮ ፈትተን ነው የደረስንበት።"

"ዕድሜዬን ሙሉ ብልጭታ ሳይ አይደል የኖርኩት" አለ።

ሞተሬ እስካሁን አልተበየደም። ሐሰን የላከልኝን ቪዲዮ ግን ቢሮ ውስጥ ያላሳየሁት ሰው የለም። "ማናት?" ሲሉኝ፣ ለሥራ ከደሴ ሰመራ የመጣሁት ሰውዬ፣ "የእኛ ልጅ ናት፣ የሎጊያ" እላለሁ።