ሣር የበላ ጎማ

ወንድ ልጅ ስለ መኪናው ጎማ የሚያስበው ስለ ጥርሱ የሚያስበውን ያህል ነው፤ ካላመመው መኖሩንም አያስታውስም! አትቆጡኝ… መቆጣት ካማራችሁም መጀመሪያ ወደ ደጅ ውጡና የመኪናችሁን ጎማ ጎንበስ ብላችሁ እዩት፤ ከዚያ ተመልሳችሁ ተቆጡ። መኪና የሌላችሁ ደግሞ ቁጭ ብላችሁ ሳቁ፤ ዛሬ ቀኑ የእናንተ ነው።

እኔ ነቀምቴ ውስጥ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ስለ ግፊትና ስለ ሰበቃ ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ሃያ ዓመት አልፎኛል። ጎማ መንገዱን ቆንጥጦ የሚይዘው በጥርሱ መሆኑን ለስንቱ ተማሪ አስረድቻለሁ መሰላችሁ! የራሴ መኪና ጎማ ግን… እንዴት ልበላችሁ… እንደ ባለቤቱ ራስ ነው። ልጭ ያለ መላጣ! ሚስቴ ሌንሴ በየሳምንቱ "ኧረ ይሄን ጎማ አስቀይረው!" ትለኛለች። እኔም በየሳምንቱ "ገና ይሠራል" እላታለሁ። መምህር ቤቱ ሲገባ ትምህርቱን ከጠመኔው ጋር ትምህርት ቤት ጥሎት ነው የሚመጣው።

ታዲያ ባለፈው ዓመት የሌንሴ ታናሽ ወንድም ገመቹ ሚስት ሊያገባ ተነሣ። ልጅቷ ሲፈን ትባላለች፤ ወላጆቿ የሚኖሩት ኡኬ ከተማን አለፍ ብሎ ባለ የገጠር መንደር ነው። ሁለቱ ከተዋደዱ ቆይተዋል። የቀሩት አባትየው፣ ኦቦ ቶለሳ፣ ብቻ ናቸው። "ብቻ" ስላችሁ ቀላል እንዳይመስላችሁ! ከገመቹ በፊት ልጅቷን የጠየቁ ሁለት ሰዎች ሽማግሌ ልከው ሁለቱም "ዘመድ እንማከር" ተብለው ተሸኝተዋል። "ዘመድ እንማከር" ማለት፣ እናንተም እንደምታውቁት፣ "በሩ በዚህ በኩል ነው" ማለት ነው። ገመቹ ምስኪን እንቅልፉም ምግቡም ጠፍቶ፣ ፂሙ ብቻ ያድግ ነበር።

ሽማግሌ ሆነን የተላክነው ሦስት ነን። አንደኛው ኦቦ ፈዬራ፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ፣ ምላሳቸው ጠብን እንደ ቅቤ የሚያቀልጥ አዛውንት። ሁለተኛው አቶ ሽኩር፣ ከጉራጌ አገር መጥተው ጨለለቂ ሰፈር ሱቅ ከፍተው ያረጁ፣ ኦሮምኛውን ከእኔ አሳምረው የሚናገሩ ጎረቤታችን። ሦስተኛው እኔ… መኪና ስላለኝ። ራሴን አላታልልም፤ የተመረጥኩት ለምላሴ ሳይሆን ለጎማዬ ነው።

ቀጠሮው እሑድ ጠዋት ሁለት ሰዓት ነው። ሽማግሌ አርፍዶ ሄደ ማለት ለልጅቷ ያለውን ክብር ከመንገድ ጣለው ማለት ነው። ገና ሳይነጋጋ ልብሴን ስለባብስ ሌንሴ መጣች።

"ትርፍ ጎማው ነፋስ አለው?"

"አለው!"

"አይተኸዋል?"

"ሌንሴ፣ በጠዋት አታሟርቺብን!"

አላየሁትማ! መኪናዋን ከገዛሁ ጀምሮ ትርፉ ጎማ ከኋላ ምንጣፍ ሥር ተኝቶ አንድም ቀን ተገላልጦ አያውቅም።

መንገዱ መልካም ነበር። ኦቦ ፈዬራ ከጎኔ ተቀምጠው የሚናገሩትን ንግግር ይለማመዳሉ። አቶ ሽኩር ከኋላ "አሜን" ይላሉ። ኡኬ ልንደርስ ጥቂት ሲቀረን፣ ቁልቁለቱን ጨርሰን ሜዳው ላይ እንደወጣን… ጢስስስስ… መኪናዋ ወደ ቀኝ ዘመም አለች።

"ምንድነው እሱ?" አሉ ኦቦ ፈዬራ።

"ጎማ ተነፈሰ መሰለኝ፣ ኦቦ።"

"ይተንፍስ ኢልማ ኮ፣ ይተንፍስ ልጄ፤ ደክሞት ይሆናል።"

ወርደን አየን። የኋላው ቀኝ ጎማ ላይ ጣት የሚያክል ሚስማር ተሰክቷል። ነፋሱ ሙልጭ ብሎ አልወጣም፤ ሚስማሩ ራሱ እንደ ቡሽ ሆኖ ይዞልን ነበር። ቀስ ብለን ብንነዳ ኡኬ እንደርስ ነበር… ነበር! የፊዚክስ መምህር ነኝ አላልኳችሁም? ጎንበስ አልኩና ሚስማሩን መንጭቄ ነቀልኩት! ጎማው አንድ ጊዜ "ፉፍ" ብሎ መሬት ላይ ተነጠፈ።

"መምህሬ፣ አሁን ምን አገኘህ?" አሉ አቶ ሽኩር።

"ምክንያቱን አገኘሁ" አልኩ፣ ሚስማሩን እያሳየኋቸው።

ትርፉን ጎማ ለማውጣት ኋላዋን ከፈትኩ። አቶ ሽኩር በጣታቸው ጫን ሲያደርጉት ጣታቸው ሊጥ ውስጥ እንደገባ ሰጠመ።

"ይሄኛውስ ቀድሞ ነው የተነፈሰው" አሉ በሐዘን፣ ለቅሶ ቤት እንደገባ ሰው።

አንድ ባጃጅ ከኡኬ በኩል መጣ። እስከ አፉ ሞልቷል። ነጂውን ጎሚስታ እንዲልክልን ለመንነው።

"ጎሚስታው እኮ ኳየር ውስጥ ዘማሪ ነው! ዛሬ እሑድ አይደል? ከስድስት ሰዓት በፊት ከቤተ ክርስቲያን አይወጣም!" ብሎን ሄደ። ኦቦ ፈዬራ ቤተ ክርስቲያን በመሄዱ ሊወቅሱት አልቻሉም፤ ሊመርቁትም አልፈለጉም።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባላል። አቶ ሽኩር ኪሳቸውን ዳበሱና ከሱቃቸው የያዙትን ማስቲካ አወጡ። "ቀዳዳውን በማስቲካ እንድፈነው!" የሰመጠ ሰው አረፋ ይጨብጣልና ሦስታችንም ማላመጥ ጀመርን። እስቲ ይታያችሁ! ጋቢ የለበሱ ሁለት አዛውንትና ሙሉ ልብስ የለበሰ አንድ መላጣ፣ በእሑድ ጠዋት መንገድ ዳር ተሰልፈው ማስቲካ ያላምጣሉ። ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚያልፈው ሕዝብ "አካም ቡልታን?" እያለ ሰላም ይለናል፤ ኦቦ ፈዬራ ማስቲካውን ወደ አንድ ጉንጫቸው ወስደው "ናጋ!" ይላሉ በግርማ ሞገስ። መንጋጋችን እስኪዝል አላምጠን፣ ቀዳዳውን ጠቅጥቀን፣ ኮራ ብለን ቆምን።

"በል መምህር፣ አሁን ነፋስ ሙላው" አሉ ኦቦ ፈዬራ።

ነፋስ? በምን? መንፊያ የለንም! ሩብ ሰዓት ሙሉ ስናላምጥ ከሦስታችን አንዳችንም ይህን አላሰብንም። ከሁለት ሰዓት ሃያ ደቂቃ አልፏል። ያን ጊዜ ሳቁ ቀረ። የገመቹ ፊት መጣብኝ። አንድ ልጅ ትዳሩን አደራ ሰጥቶኝ፣ እኔ ሚስማር ነቅዬ ቁጭ!

እንዲህ ሆነን ሳለ ነው አዴ በዳቱ የመጡት። ጠና ያሉ ሴት ናቸው፤ ለላማቸው ያጨዱትን እርጥብ ሣር በትልቁ አስረው ተሸክመዋል። ሸክማቸውን አወረዱ፤ ጎማውን አዩ፤ እኛን አዩ፤ ቀዳዳው ላይ የጠቀጠቅነውን ማስቲካ አዩ። ከዚያ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

"ባሌ ነፍሱን ይማረውና የእርሻ ትራክተር ነጂ ነበር" አሉን። "ከጫካ መሀል ጎማ ሲያስቸግረው ምን ያደርግ ነበር መሰላችሁ? ሣር ያጎርሰው ነበር።"

"ሣር?" አልኩ።

"ሣር። ጠቅጥቆ ጠቅጥቆ ሣር! ጎማ ሆዱ ከሞላ ነፋስ ይሁን ሣር ምን ይለያል? ደግሞ አንተ የተማርክ ሰው ትመስላለህ…"

ሃያ ዓመት ስለ ግፊት ያስተማርኩት ሰው ክሪክ ላወጣ ሄድኩ።

መኪናዋን በክሪክ አንስተን ጎማውን ፈታነው። መኪናዋን ድንጋይ ደርድረን አሳረፍናት። ከዚያ ጎማውን ከብረቱ ለማላቀቅ የታገልነውን ትግል አልነግራችሁም። እናንተም እንዳትሞክሩት! ጣት የሚቀርበት ሥራ ነው። አዴ በዳቱ ያዛሉ፤ አቶ ሽኩር ይረግጣሉ፤ እኔ በብረት እፈለቅቃለሁ፤ ክራባቴ ሁለት ጊዜ ቸርኬው ውስጥ ገብቶ ወጣ። አንዱ ጎን ሲከፈት ሣሩን ማጉረስ ጀመርን። ኦቦ ፈዬራ ሲያዩን ቆይተው ጋቢያቸውን ሰበሰቡና ከዘራቸውን ይዘው መጡ። ያ ለስንት እርቅ የቆመ ከዘራ ሣር መጠቅጠቂያ ሆነ!

አዴ በዳቱ የላማቸውን ቁርስ እንዳለ ሰጡን። ስናመሰግናቸው "ገለቶማ" እንኳ አላስጨረሱንም።

"በላም እርምጃ ንዱ" አሉ። "ከላም ከፈጠናችሁ ሣሩም ጎማውም በየፊናው ይሄዳል።"

በላም እርምጃ ነዳን። እንዲያውም አንዲት ላም ቀደመችን። ልጆች እየሳቁ፣ ውሻ እየጮኸብን፣ አራት ሰዓት ሊሆን ሲል ኦቦ ቶለሳ ደጅ ደረስን።

በሩ ላይ ቆመዋል። ረጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ ፊታቸው እንደ ተዘጋ ሱቅ። ሰላምታችንን በአንገታቸው ተቀበሉ። ዓይናቸው ከክራባቴ ወደ ኦቦ ፈዬራ ጭቃማ ጋቢ፣ ከጋቢው ወደ መኪናዋ ሄደ። የኋላው ጎማ ዙሪያውን አረንጓዴ ፂም አብቅሏል። በቃ፣ አለቀልን አልኩ።

ኦቦ ፈዬራ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ኦቦ ቶለሳ፣ አርፍደናል፤ ጥፋቱ የእኛ ነው። ነገር ግን ሊለምን የሚመጣ ሰው እርጥብ ሣር ይዞ እንደሚመጣ አባቶቻችን አስተምረውናል። እኛም ይዘን መጥተናል።"

ኦቦ ቶለሳ ጎማውን ደግመው አዩት።

"ሰው በእጁ ነው የሚይዘው" አሉ። ያም ሆኖ በሩን ለቀቁልን።

ገባን፤ ተቀመጥን። ኦቦ ፈዬራ ያን የተለማመዱትን ንግግር አወረዱት! ስለ ገመቹ፣ ስለ ቤተሰቡ፣ ስለ ዝምድና… እኔ ራሴ ገመቹን ላገባው ምንም አልቀረኝም። ንግግሩ አለቀ። ኦቦ ቶለሳ መሬት መሬት እያዩ "መልካም ብላችኋል" አሉ። "እንግዲህ እኛም… ዘመድ እንማከር።"

አቶ ሽኩር ዓይናቸውን ጨፈኑ። እኔ ገመቹን ምን ብዬ እንደምነግረው ማሰብ ጀመርኩ።

ወዲያው ከደጅ "ጭርርር… ቡጭቅ!" የሚል ድምፅ ተሰማ። ሁላችንም ወደ በሩ ዞርን። የኦቦ ቶለሳ ላም፣ ያቺ ወተቷ አገር ያወቀው ቀይ ላም፣ ገመዷን በጥሳ መኪናዬ አጠገብ ቆማ፣ ጎማዬ ላይ አጎንብሳ፣ ሣሩን እየመዠረጠች ትበላለች! አንድ ጊዜ ትጎትታለች፣ አንድ ጊዜ ታላምጣለች፣ አንድ ጊዜ ቀና ብላ ታየናለች።

ኦቦ ፈዬራ ከዘራቸውን ተደግፈው በቀስታ እንዲህ አሉ፦

"ኦቦ ቶለሳ፣ ምክሩ እኮ ተጀምሯል። ከቤተሰቡ አንዷ ተቀብላለች።"

ኦቦ ቶለሳ ከንፈራቸውን ነከሱ። ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። የተቆጡ መስሎኝ ልነሣ ስል… ያ ፊቱ እንደ ተዘጋ ሱቅ የነበረው ሰው ሳቁ ፈነዳ! ከጎማዬ የተረፈ ፍንዳታ እሳቸው ጋ ነበር ለካ። ሚስታቸው ከጓዳ ሮጠው ወጡ፤ እሳቸውም ሳቁ። ሲፈን መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ አየችና አፏን ይዛ ተመለሰች። እንባቸውን ጠርገው ሲጨርሱ ኦቦ ቶለሳ "ቶሌ!" አሉ። "እሺ። ላሜ የተቀበለችውን እኔ አልመልስም።"

ተነሥተን ልንመርቅ ስንል እጃቸውን አነሡ። ሳቁ ከፊታቸው ጠፍቷል።

"አንድ ነገር ብቻ አለኝ። ወርቅ አልጠይቅም፤ ልብስ አልጠይቅም። ይሄን ጎማ ግን ስትገቡ አይቼዋለሁ፤ የቀሩትንም ሦስቱን አይቻለሁ። ልጄን የምሰጠው ለገመቹ ነው እንጂ ለገደል አይደለም። አራቱም ሳይቀየሩ ይህቺ መኪና ሙሽራ አትጭንም።"

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ሌንሴ በየሳምንቱ የተናገረችውን ሰውየው በአንድ ጊዜ ሽምግልና ላይ አኖሩት። በወለጋ ምድር ጥሎሹ ጎማ የሆነ የመጀመሪያው ሠርግ የእኛ ሳይሆን አይቀርም።

ከሰዓት በኋላ ጎሚስታው ከመዝሙሩ ወጥቶ መጣና ትርፉን ጎማ ሞልቶ አሰረልን። በሳምንቱ ነቀምቴ ውስጥ አዲስ ጎማ ላስገጥም ስሄድ ባለሙያው አሮጌውን ገልብጦ የደረቀ ሣር አወጣ፤ ሣሩን አየ፣ እኔን አየ። "መምህር፣ መኪና ነው በሬ የሚነዱት?" ከዚያ በጎማው ጎን የተጻፉትን አራት ቁጥሮች አሳየኝ። የተሠራበት ሳምንትና ዓመት ናቸው ለካ! አሰላሁት፤ ጎማዬ ሲሠራ ሲፈን ስድስተኛ ክፍል ነበረች። ጎማ ጥርሱ ባያልቅም በዕድሜ ብቻ እንደሚደርቅ፣ ትርፉም በየወሩ ነፋሱ መታየት እንዳለበት ቁጭ አድርጎ አስተማረኝ። ማስታወሻ ያዝኩ።

የሠርጉ ቀን ኦቦ ቶለሳ ልጃቸውን ከመመረቃቸው በፊት ጎንበስ ብለው አራቱንም ጎማ አንድ በአንድ በአውራ ጣታቸው ተጫኑ። ሙዚቃው ቆመ፤ አጃቢው ቆመ፤ ሙሽራው በላብ ተጠመቀ። ቀና ብለው "ይሂዱ" ሲሉ እልልታው ቀለጠ።

እኔም አንድ ነገር ገባኝ። ሽማግሌ ልኮ ባልን ከሚስት፣ ጎረቤትን ከጎረቤት ማስታረቅ ይቻላል። ያለቀ ጎማን ከኡኬ ቁልቁለት ጋር የሚያስታርቅ ሽማግሌ ግን እስካሁን አልተወለደም!