በዲ ሜጀር የተዳረች ልጅ

እኛ አገር እንቢ ማለት ነውር ስለሆነ መጠየቅ ከባድ ነገር ነው። ይሄን የማያውቅ እንግዳ ወሎ መጥቶ ያሻውን ይጠይቃል፣ ያሻውንም ያገኛል፣ «እንዴት ያለ ደግ ሕዝብ ነው» እያለ ይሄዳል። እኛ ደግሞ የሰጠነውን በምን እንደምንተካው እያሰብን እስከ በር እንሸኘዋለን። ስለዚህ እርስ በርሳችን ስንኗኗር ጨዋ የሚባለው የሚሰጥ ሰው አይደለም፤ መስጠትማ ሁሉም ይሰጣል። ጨዋ ማለት የቱ እንደማይጠየቅ የሚያውቅ ነው። በዚህ በኩል እኔ ጨዋ ነኝ ብዬ ስኮራ ኖሬአለሁ። ያዋረደኝ ሲምፎኒ ነው።

ሲምፎኒ ስል አትሳቁብኝ። ከስምንተኛ ክፍል አቋርጬ የተዳርኩ የመርሳ ሴት ነኝ፤ ነገር ግን አሥራ አንድ ሲምፎኒ ከመነሻው እስከ መድረሻው አውቃለሁ። አሥራ አንዱም በዲ ሜጀር የተጻፉ ናቸው። ከእናንተ መካከል እንዲህ የሚል ካለ እጁን ያውጣ።

ከጦርነቱ በፊት መምህር ዮናስ የሚባል የአዲስ አበባ ልጅ ከጎረቤቴ ከሰዓዳ ቤት ጋር በአንድ የጭቃ ግድግዳ የሚዋሰነውን ክፍሌን ተከራይቶ ነበር። ወልድያ ሙዚቃ ያስተምራል፤ በአውቶቡስ ይመላለሳል። ከሥራ ሲመለስ የግማሽ ጡብ ያህል የምትሆን ስፒከር ይከፍትና እያዳመጠ ወረቀት ይሞላል። ለማስተርሱ የሚያጠናው ነው። አንድ ቀን ልብስ ሳሰጣ ሰማሁና፣ ይሄ ሁሉ ሙዚቃህ ሠርግ ሠርግ የሚለው ለምንድን ነው ብዬ ጠየቅሁት። የሚጠይቀው ሰው ናፍቆት ኖሮ ወረቀቱን ትቶ ወጣ። ሁሉም ዲ ሜጀር ስለሆነ ነው አለኝ።

«እንደኛ ትዝታና አምባሰል ቅኝት ነው?» አልኩት።

«ቀረብ ይላል፣ እትዬ። ዜማው የሚነሣበት፣ ዞሮ ዞሮም የሚገባበት ነው በሉት።»

ከዚያ ብዙ ነገር ነገረኝ። ቫዮሊን የሚባለው፣ ያ የማሲንቆ የሩቅ ዘመድ፣ ክሮቹ ጣት ሳይነካቸው ለዚህ ይመቻሉ። የድሮው መለከትና ከበሮም ለዚሁ የተቃኘ ነበር። ስለዚህ ንጉሥ ሲነግሥ፣ ድል ሲመጣ፣ ደስታ ሲሆን የዚያ አገር ሰዎች ወደ ዲ ሜጀር ይሮጣሉ። እኔ ራሴን እየነቀነቅሁ ሰማሁት። ያልገባኝን ራስ በመነቅነቅ ማሳለፍ የተማርኩት ከቤተ ክርስቲያን ነው፤ ቅዳሴው በግእዝ ነውና። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፤ ቅዳሴውን እንኳ በእምነት ነው የምነቀንቀው። ይሄኛውን ልብሱ እንዲደርቅልኝ ብዬ ነው።

ከወልድያ በኩል የከባድ መሣሪያ ድምፅ መሰማት ሲጀምር ዮናስ አንድ ሻንጣ ይዞ ወደ ደሴ ሄደ። ቁልፉን፣ ሙዚቃው ሁሉ የተጫነባትን ስፒከሯንና በፀሐይ የሚሠራ ቻርጀሩን ለእኔ ሰጠኝ። በየቀኑ ትንሽ ካላጫወቱት ባትሪው ይሞታል፣ አደራ አለኝ። አደራ የሚባለውን ነገር ታውቁታላችሁ፤ በሰማይም በምድርም ያስጠይቃል። ጦርነቱ መርሳ ገባ። መብራቱ ጠፋ፣ ስልኩ ጠፋ፣ ባንኩ ተዘጋ፣ አውቶቡስ ሲጋፋበት የነበረው አስፋልት ላይ አህዮች ተኙ። እኔ ግን ጠዋት ጠዋት ውዳሴ ማርያሜን ስጨርስ የመምህሩን ክፍል ከፍቼ እገባለሁ፣ በሩን እዘጋለሁ፣ ስፒከሯን ሰው እንዳይሰማ በብርድ ልብስ እጠቀልልና በሲምፎኒ እጠርጋለሁ። ኃጢአት ይሆን ብዬም ተጨንቄ ነበር። ነገር ግን ዘፈን እንዳይባል ቃል የለው፤ ዓይንሽ አይል፣ ወገብሽ አይል። ንስሐ አባቴ ዘንድ ሄጄ ምኑን ልናዘዘው?

በዚያው ሰሞን የሰዓዳ ባል አያ ሰይድ ሞተ። የስኳር ሕመምተኛ ነበር፤ መድኃኒቱ አለቀ፣ የሚመጣበት መንገድ ተዘጋ። አያ ሰይድ ማለት በሰፈራችን የክርስቲያኑም የእስላሙም ሠርግ ያለ እሱ ትከሻ የማይሞቅ ሰው ነው። እሱ ያልጨፈረበት ድግስ ጨው እንደረሳ ወጥ ይቆጠራል።

የእኔዋ ልጅ የሰናይት ሠርግ ደግሞ ሁለት ጊዜ ተላልፎ ለኅዳር መግቢያ ተቆርጧል። እጮኛዋ ይመር ግራና በምትባል በቅርባችን ባለች ከተማ አስተማሪ ነው። አባቷ ካረፈ ስድስት ዓመቱ ነውና ሸክሙ የእኔ ብቻ ነው። የተቆረጠው ቀን ካለፈ የነቢያት ጾም ይገባል፤ ከጾሙ በኋላ ማን በሕይወት እንደሚኖር፣ ማን እንደሚሰደድ አይታወቅም። የሰዓዳ የባል ሐዘን ጊዜ፣ ዒዳዋ፣ ደግሞ አራት ወር ከአሥር ቀን ነው፤ እስከዚያ ከግቢዋ አትወጣም። በሐዘን ቤት አጥር ሥር ከበሮ የሚመታው ሐዘንተኛዋ ተጠይቃ ስትፈቅድ ነው።

ታዲያ ለምን አልጠየቅሽም ትሉኛላችሁ። እሺ እንደምትል ስለማውቅ ነዋ! ባሏን ከቀበረች ገና ሁለት ሳምንቷ ነው። ከግድግዳሽ ወዲህ ከበሮ ልምታ ወይ ብላት፣ ምን ገዶኝ ምቱ እንጂ ትላለች፤ ከዚያ ሻሿን አፏ ላይ አፍና ታለቅሳለች። ይሄ አይጠየቅም። ሰናይትን ጠርቼ ከበሮም ዘፈንም የለም አልኳት። እሺ እማዬ አለች። ተቆጥታ እሺ ብትል በቀለለኝ ነበር። በዝምታ የወጣች ሙሽራ ዝምታው ትዳሯ ድረስ ይከተላታል ይላሉ አሮጊቶቹ። እኔ አላምንበትም። አላምንበትም እያልኩ ግን ሳምንቱን ሙሉ እመቤታችንን ስለዚሁ ነገር ስጨቀጭቃት ሰነበትኩ።

ቀኑ እሑድ ነው። ሙሽራው ከነሚዜዎቹ ከግራና በእግሩ መጣ፤ በራችን ሲደርሱ በታዘዙት መሠረት ዘፈናቸውን ዋጡት። ዳሱ ውስጥ ሠላሳ ሰው ተቀምጦ የሚሰማው የመንጋጋ ድምፅ ብቻ ነው። አንዱ ሚዜ፣ ይሄ ሠርግ ነው ተዝካር ብሎ ሲያንሾካሹክ ጓደኛው በክርኑ ጎሸመው። ሰናይት አቀርቅራለች። ሙሽራ ታቀረቅራለች እርግጥ ነው፤ ግን የማቀርቀርም ዓይነት አለው። እናት ትለየዋለች።

በዚህ መካከል ከአጥሩ ወዲያ «የሺ! ነይማ!» ብሎ በስሜ የሚጠራኝ ድምፅ ሰማሁ። ሰዓዳ ናት። እየሮጥኩ ሄድኩ። አጥሩ ከእንጨት ስለሆነ በክፍተቱ ዓይኗ ብቻ ይታየኛል።

«ያ የመምህሩ ነገር ዛሬ ምነው ዝም አለ?» አለችኝ።

«የትኛው ነገር?»

«የትኛው ትላለች እንዴ! ጠዋት ጠዋት የምታሰሚን ነዋ። የሰይድ አልጋ እኮ ግድግዳው ሥር ነበር። ሙዚቃውን የመምህሩ ሠርግ ነው የሚለው። ሲደክም እንኳ፣ ፊቴን ወደዚያ አዙሩልኝ፣ ሙሽራዋ ልትወጣ ነው ይል ነበር።»

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። በብርድ ልብስ ጠቅልዬው ነበር እኮ፣ አይሰማም ብዬ ነው፣ አፉ በይኝ እህቴ አልኳት።

«እሱ ከተቀበረም በኋላ አላቆምሽም» አለች፤ ድምፅዋ ውስጥ ሳቅም እንባም አለ። «ሦስት ሳምንት ሙሉ መለከት ስታስነፊብኝ ከርመሽ፣ ዛሬ ልጄ ስትዳር ነው ሐዘኔ ትዝ ያለሽ? ከበሮ ምቱ አልልም፣ ሰው ያማናል። እሱን ግን ክፈቺውና አጥሩ ላይ አድርጊው። ልስማው።»

ያን ጊዜ መምህሩ የነገረኝ ሁሉ አንድ በአንድ መጣብኝ። ንጉሥ ሲነግሥ። ደስታ ሲሆን። እኔ ጨዋዋ የጎረቤቴን ሐዘን እንዳልነካ ጫማዬን አውልቄ ስራመድ፣ በጓሮ በኩል ለካ በየጠዋቱ ንጉሥ ሳነግሥባት ኖሬአለሁ!

ስፒከሯን አምጥቼ አጥሩ ላይ አስቀመጥኳት፤ ያለ ብርድ ልብስ። መለከቱ ሲጮህ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ከመሶቡ ቀና አለ። የመጀመሪያው ክፍል ባም! ብሎ ሲያልቅ ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። ሼህ ይማም፣ የሰፈራችን መራቂ፣ ማለቁ መስሏቸው ተነሥተው እጃቸውን ዘረጉ። ሲምፎኒ አራት ክፍል እንዳለው ማን ይንገራቸው? ምርቃቱን ሲጀምሩ ሁለተኛው፣ ቀስ የሚለው ክፍል፣ ከሥራቸው ገባ፤ እኛም አሚን እያልን ከዜማው ጋር ጨረስነው፤ እንዲያ ያለ ምርቃት ሰምቼ አላውቅም። ሦስተኛው ሦስት ሦስት እያለ የሚረግጥ ነው። የግራና ሚዜዎች መጀመሪያ እግራቸው ተሳሰረ፣ ከዚያ ትከሻቸው አገኘው። አራተኛው ደግሞ አላልቅ አለ። እናንተ የወሎ እንግዳ ሲሰናበት አይታችኋል? ደህና ሁኑ ይላል፣ በር ላይ ይቆማል፣ ደግሞ ደህና ሁኑ ይላል፣ አጥሩ ጋ ሌላ ወሬ ይጀምራል። እንደዚያ ነው። ሼህ ይማም አለቀ ብለው ሦስት ጊዜ ተነሡ፣ ሦስት ጊዜ መለከቱ መልሶ አስቀመጣቸው። በመጨረሻ «ይሄስ የሚወጣ አይመስልም፣ እራት አቅርቡለት» አሉ። ሰናይት ቀና ብላ ጥርሷን ገልጣ ሳቀች። በአጥሩ ክፍተት ሳይ የሰዓዳ እጅ ጉልበቷን ቀስ እያለ ይመታል።

ሐሜትም አልተገኘብን። ከበሮ የመታ ሰው ሠርጋችን ላይ አልነበረም፤ ከበሮው የተመታው ሌላ አገር ነው።

መንገድ ሲከፈት መምህር ዮናስ ተመለሰ። ባትሪው ሳይሞት አገኘው፤ ነገሩን ብነግረው እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ከዚያ እዚያ አገር እንዴት እንደሚደመጥ አጫወተኝ። ሰዉ በተርታ ይቀመጣል፣ እጁን ጭኑ ላይ ያደርጋል፣ በክፍሎቹ መካከል እንኳ አያጨበጭብም፣ አይነቃነቅም፣ ሳሉንም አፍኖ ይይዛል።

«በዲ ሜጀርም ጊዜ?» አልኩት።

«በዲ ሜጀርም ጊዜ፣ እትዬ።»

አዘንኩላቸው። ጎረቤታቸው ሐዘን ላይ ይሆናል፤ አጥሩ ድረስ ሄዶ ፈቃድ የሚጠይቅላቸው ሰው ጠፍቶ ነው።