ኤሲዬ ሰው ቤት ለቅሶ አስነሣ

ዛሬ ጠዋት ለልጄ ሚስት የሚጠይቁ ሽማግሌዎች ይዤ ሰው ቤት ሄድኩ፤ ለቅሶ አስነሥቼ ተመለስኩ!

የሞተ ሰው የለም። እደግመዋለሁ፤ ማንም አልሞተም።

አንድ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የምጽፍላችሁ። የፊደል ግድፈት ካያችሁ ለዛሬ እለፉኝ። ሌላ ቀን እናንተን አራት ነጥብ ረሳችሁ ብዬ የምቆጣ ሰው መሆኔን አልረሳሁም።

እዚህ ገጽ ላይ የምታውቁኝ በምክር ነው። ትምህርት ቤት ሳልጨርስ፣ ያገኘሁትን መጽሐፍ እያነበብኩ፣ ሁሉን በራሴ የተማርኩ ሰው ስለሆንኩ መምከር ይቀናኛል። ባለፈው ሳምንትማ "መኪናውን ጋራዥ የሚያስገባ ሰው እጁን ያልተማመነ ሰው ነው" ብዬ ለጠፍኩ። ላይኩ ዘነበ። ስክሪንሹት ያደረጋችሁም አትጠፉም።

አስቀምጡት። ዛሬ ይሠራላችኋል።

የእኔን ፒክአፕ ቀጨኔ ውስጥ የማያውቃት የለም። ከልጄ ከናቲ በዕድሜ ትበልጣለች። ሞተሯ እስከ ዛሬ አንድ ቀን አላሳፈረኝም። ኤሲዋ ግን ነፍስ አልነበረውም። ፋኑን እስከ መጨረሻው ከፍታችሁ እጃችሁን ብትደቅኑበት፣ የተኛ ሕፃን የሚተነፍስባችሁ ነው የሚመስለው።

"ጉለሌ ላይ ኤሲ ምን ይሠራል?" ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ፤ ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ ይበቃናል።

ግን እስቲ ሦስት ሽማግሌ መኪና ውስጥ አስገቡና መስኮት ለመክፈት ሞክሩ! "ንፋስ ይመታናል!" ብለው ጋቢያቸውን እስከ ጆሯቸው ይስባሉ። መስኮቱ ተዘግቶ፣ ፀሐይ በመስታወቱ ገብታ፣ መኪናዋ ምድጃ ትሆናለች። የልጄ ሽማግሌዎች ላባቸውን እየጠረጉ ሰው ፊት እንዲቀርቡ አልፈለግሁም።

ምክንያቱም ነገሩ ቀልድ አይደለም። ናቲ ቤዛ የምትባል ጨዋ ልጅ ይወዳል፤ እሷም ትወደዋለች። አባቷ አቶ መኮንን ግን ኮስታራ ናቸው ይባላል። አንድ ጊዜ "አይሆንም" ካሉ በቃ፤ ማንም አይመልሳቸውም። ልጄ ሰሞኑን እህል በቅጡ አልቀመሰም።

በወጉ የልጁ አባት ከሽማግሌ ጋር አይሄድም። ቤቱ ቁጭ ብሎ ወሬ ይጠብቃል። ይህን ለሌላው የማስተምረው እኔው ነኝ!

"እኔ እነዳላችኋለሁ፤ ሹፌር ብቻ ነኝ፤ ከመኪና አልወርድም" አልኳቸው።

ለምን መሰላችሁ? ኤሲዬን ማን ያሳይልኝ!

ሥራውን የጀመርኩት ዓርብ ነው። ናቲ አጠገቤ መጥቶ፣ "አባዬ፣ መካኒክ ይያት፤ ቢበዛ ፊልትሮ ብትፈልግ ነው" አለኝ።

"እጅ የተፈጠረልህ ለምንድን ነው?" አልኩት። ሌላም ነገር ሊለኝ ነበር፤ አላስጨረስኩትም። ትቶኝ ሄደ።

ስልኬ ላይ ቪዲዮ ከፈትኩ። ከፊት መስታወቱ ሥር ያለውን የአየር መግቢያ ስፈታ የባህር ዛፍ ቅጠል ታጭቆበታል። እሱን ዝቄ አወጣሁ። ከዚያ ከተሳፋሪው እግር ሥር ተንበርክኬ ከዳሽቦርዱ መሳቢያውን ነቀልኩ። መሳቢያው ውስጥ የነበረውን ኮተት መሬት ላይ ደፋሁት፤ አንዷን ካርቶን ለጉልበቴ መንበርከኪያ አደረግኋት። ፋኑን በብሩሽ ፈትጌ አጸዳሁት። ፊልትሮው እንደ አሮጌ ፍራሽ ተጋግሯል። ነካ ሳደርገው እጄ ላይ ተበተነ።

ያለ ፊልትሮ አስነሥቼ ሞከርኩት።

ንፋስ ብላችሁ ንፋስ! ቆቤን ከራሴ ላይ ወሰደው!

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ደስ ብሎኝ ፊቴን ደቅኜ እስኪመሽ ተቀመጥኩ። ቅዳሜ ጉንፋን ይዞኝ ተነሣሁ። አፍንጫዬ ድፍን ብሏል። አፍንጫዬን እንዳትረሱብኝ፤ በኋላ እንፈልገዋለን።

ያለ ፊልትሮ ደግሞ አቧራ ይገባል። ስለዚህ ዕቃ ቤት ገብቼ ስፈልግ አንድ ከስስ ጨርቅ የተሰፋ ከረጢት አገኘሁ። አየር እንደ ልብ ያሳልፋል። ቀለሙ ወደ ቀይ የሚያደላ፣ የሚያምር ጨርቅ ነው። ደራርቤ አጥፌ፣ በልኩ ቆርጬ ፊልትሮው ቦታ ሰካሁት። ዓርብ ሠርቷል ብዬ እንደገና አልሞከርኩትም።

ለባለቤቴ አልነገርኳትም። ለምን እነግራታለሁ? ከረጢት ነው!

ዛሬ ከቅዳሴ በኋላ ተነሣን። ከፊት አጠገቤ የንስሐ አባታችን ተቀመጡ። ከኋላ የእድራችን ሰብሳቢ ጋሽ ተሰማና ጎረቤታችን፣ ባለሱቁ ሐጂ ኑሩ። ሁሉም ነጭ በነጭ ለብሰዋል። መስኮቱ ድርግም! ሽሮ ሜዳን አልፈን ዳገቱን ስንጀምር ፀሐይዋ መጣች። እጄን ወደ ፋኑ ሰደድኩ።

"ጌታቸው፣ ምን ልትነካ ነው?" አሉ ጋሽ ተሰማ።

"ኤሲ ልከፍትልዎ ነው።"

"ተው አንተ! ላብ ላይ ንፋስ?"

"ኧረ ይክፈተው" አሉ ሐጂ ኑሩ። "ሰሞኑን ሙሉ ቂጡን ወደ ላይ አድርጎ ሲፈታት የከረመውን እንይለት!"

አባታችን ሳቁ። እኔ ግን ነገሩን ለመጨረሻው ሰዓት ቆጠብኩት። በር ላይ ስንደርስ ቀዝቀዝ ብለው፣ ተዝናንተው እንዲወርዱ ፈለግሁ። ከአስፋልቱ ወደ ኮብልስቶኑ ታጥፈን የእነቤዛ ቆርቆሮ በር ሲታየኝ፣ ፋኑን እስከ መጨረሻው አዞርኩት።

ወዲያው ቀይ ደመና ወጣ።

ቀይ! ከአራቱም የዳሽቦርዱ አየር መውጫ!

አባታችን አማተቡ፤ ከዚያ ሳል ያዛቸው። "ያ አላህ! ዓይኔ!" አሉ ሐጂ ኑሩ። ዕድሜ ልካቸውን መስኮት አስከፍተው የማያውቁት ጋሽ ተሰማ፣ "መስኮት! መስኮት ክፈት አንተ ሰውዬ!" እያሉ ወንበሬን ይደበድባሉ።

ያኔ ነው የገባኝ። ከረጢቱ ባለቤቴ ከወፍጮ ቤት በርበሬ የምታመጣበት ነው! ቀለሙም ቀለም አልነበረም!

እናንተ ቅድም ነው የገባችሁ፤ አውቃለሁ። እናንተ አፍንጫ አላችሁ።

ዓይኔን ጨፍኜ ፍሬን ስይዝ ክርኔ ክላክሱ ላይ አረፈ። ሰፈሩ ተናወጠ። ሽማግሌዎቹ እየተደናበሩ ወረዱ። በዚያው ቅጽበት በሩ ተከፈተና የቤዛ እናት፣ ወይዘሮ አስካለ፣ ብቅ አሉ።

እስቲ በእሳቸው ዓይን እዩት። እሑድ ጠዋት። ሦስት ሽማግሌ፣ ነጭ ለብሰው፣ ተደጋግፈው፣ እንባቸው በጉንጫቸው እየወረደ በር ላይ ቆመዋል።

እዚህ አገር እንዲህ ሆኖ የሚመጣ ማን ነው?

መርዶ ነጋሪ ነዋ!

ለካ የሴትዮዋ ታላቅ ወንድም ገጠር ታመው ኖሯል። "ወይኔ ጋሼ! ወይኔ ወንድሜን!" ብለው ደረታቸውን መቱ። ሽማግሌዎቹን ትተው ወደ እኔ ሮጡ።

"አንተ ሹፌር! እውነቱን ንገረኝ! ጋሼ ነው አይደል?"

"አይደለም" ልላቸው ነበር። በእግዚአብሔር ስም፣ ልላቸው ነበር! ጉሮሮዬ ግን ተቃጥሏል። ማለት የቻልኩት ደረቴን ይዤ፣ እያነባሁ፣ በሳል ራሴን ወደ ላይና ወደ ታች መነቅነቅ ብቻ ነው።

"አዎ" ያልኳቸው መሰላቸው።

ከዚያ በኋላ የተሰማውን ጩኸት አልገልጸውም። ጎረቤቱ ነጠላውን እያዘቀዘቀ ይጎርፍ ጀመር። አንዱ አግዳሚ ተሸክሞ መጣ። ድንኳን የሚል ድምፅም ሰማሁ።

ይኼ ሁሉ አልበቃ ብሎ ጋሽ ተሰማ ለቅሶውን ሲሰሙ፣ ልክ ሲደርሱ እዚያ ቤት ሰው የሞተ መሰላቸው። የእድር ሰብሳቢ ናቸው፤ ለቅሶ ሲሰሙ አፋቸው ራሱ ይናገራል። ግቢው መሐል ቆመው፣ እንባቸውን እየጠረጉ፣ "እግዚአብሔር ያጥናችሁ" አሉ!

በቃ። ያቺ ንግግር ሰውየውን ቀበረቻቸው።

እኔ መኪናው ውስጥ መሪ አቅፌ በተከፈተው በር አያለሁ። አባታችን ማጽናናት ጀምረዋል። ሐጂ ኑሩ እያነቡ ከአቶ መኮንን ጋር ተቃቅፈዋል። ማንም ማንን እንደሚያጽናና አያውቅም!

የልጄ ትዳር፣ አልኩ በልቤ፣ በርበሬ በላው።

ያዳነችን ቤዛ ናት። የቀብሩን ሰዓት ለመጠየቅ ወደ አጎቷ ስልክ በስፒከር ደወለች፤ ልጆቻቸው ያነሡታል ብላ።

ራሳቸው አነሡት!

"አቤት! ምንድን ነው ጩኸቱ? ማን ሞተ?"

"ጋሼ... እርስዎ ነዎት?"

"ማን ልሁን ታዲያ? ቁርስ ላይ ነኝ!"

ለቅሶው በመሐል ተቆረጠ። አግዳሚ የተሸከመው ሰውዬ እንደተሸከመ ቀረ። ከዚያ ሁሉም ፊቱን ወደ ሽማግሌዎቹ አዞረ።

"እንግዲያው" አሉ አቶ መኮንን፣ "እናንተ ምን ልትሉ መጣችሁ?"

ሐጂ ኑሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እንባቸው አሁንም ይወርዳል። "እኛማ... ልጃችሁን ለልጃችን ልንለምን ነው የመጣነው።"

አቶ መኮንን አንድ በአንድ አዩዋቸው።

"ልጁ ምን ቢሆን ነው እንዲህ የምታለቅሱት?"

ከዚህ በኋላ መኪና ውስጥ መቀመጥ መዋሸት መሰለኝ። ወርጄ ገባሁ። ፊቴ ቀይ፣ ጺሜ ቀይ፣ ቆቤ ቀይ። "ልጁ ምንም አልሆነም። አባቱ እኔ ነኝ" አልኩ። ስለ ፋኑ፣ ስለ ከረጢቱ፣ ሹፌር ነኝ ብዬ ስለመምጣቴም ሳልደብቅ ተናዘዝኩ። ባለፈው ሳምንት የለጠፍኩትንም ነገርኳቸው። መናገር አልነበረብኝም፤ ግን ከጀመርኩ አይቀር ብዬ ነው።

አቶ መኮንን አልሳቁም። አንድ ጥርስ አልታየም!

የሳቁት፣ እንዲያውም እልል ያሉት፣ ወይዘሮ አስካለ ናቸው። "ወንድሜን ከሞት መልሼ ነው ያገኘሁት! እነዚህን ሰዎች ዛሬ ባዶ እጃቸውን የሚመልስ ከእኔ ጋር ይጣላል!" አሉ ወደ ባላቸው እያዩ። ለሽማግሌዎቹ ዓይን መታጠቢያ ውኃ አስመጡ።

አቶ መኮንን ሚስታቸውን አዩ፤ ቀይ ጺሜን አዩ። በመጨረሻ፣ "ተመካክረን እንነግራችኋለን፤ በሚቀጥለው እሑድ ተመለሱ" አሉ። ቀጠሮ ነው! እምቢታ አይደለም!

በሩ ጋ ስንደርስ ከኋላዬ ጠሩኝ።

"አቶ ጌታቸው! እሑድ ሽማግሌዎቹ በታክሲ ይምጡ። እርስዎ ደግሞ ቤትዎ ይቀመጡ፤ ወጉ እንደዚያ ነው።"

ስንመለስ አራቱም መስኮት ተከፍቶ ነበር። ጋሽ ተሰማ እንኳ ጋቢያቸውን አልሳቡም።

ናቲ ቤት በር ላይ ቆሞ ይጠብቅ ነበር። ፊቴን ሲያይ ደነገጠ። አስቀምጬ ሁሉንም ነገርኩት። ይቆጣል ብዬ ነበር፤ አልተቆጣም። ብቻ ቀስ ብሎ፣ "አባዬ፣ አዲስ ፊልትሮ ገዝቼ መሳቢያው ውስጥ አስቀምጬልህ ነበር እኮ፤ በካርቶን ያለ" አለኝ።

ካርቶን።

ሁለት ቀን ሙሉ የተንበረከክሁበት ካርቶን!

ባለቤቴ ከጓዳ፣ "ከረጢቴስ?" እያለች ነው።

አሁን ናቲ ውጭ ነው፤ ከጉልበቴ የተረፈውን ፊልትሮ እያቃና ሊገጥም ነው። ባትሪ የምይዝለት እኔ ነኝ። ምክር አልሰጠሁትም። አንድ ጊዜ አፌን ከፍቼ ነበር፤ አየኝ፤ ዘጋሁት።

በርበሬው ግን ቱቦው ውስጥ ገብቷል። ፋኑን በነካን ቁጥር ያስነጥሰናል። ስለዚህ፣ ለዓመታት ስመክራችሁ የኖርኩ እኔ፣ ዛሬ በትሕትና የምጠይቃችሁ አንድ ነገር አለ።

ቪዲዮ አትላኩልኝ።

ጉለሌ አካባቢ ጥሩ ጋራዥ የምታውቁ አላችሁ?