ሽማግሌዎቹና የማሽኑ ክዳን

ሽማግሌ ቤታችሁ መጥቶ ያውቃል? ካልመጣ ልንገራችሁ፦ አይቀመጥም። «ግቡ፣ አረፍ በሉ» ብትሉት በሩ ሥር ተደርድሮ፣ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ፣ «የመጣንበትን እሺ ካላላችሁን አንቀመጥም» ይላል። እናንተም ጥያቄውን ሳትሰሙ፣ ያ ሁሉ ሽበት ቆሞ ሲያያችሁ ትሸነፋላችሁ። በመቆም ብቻ ክርክር የሚረታ ሌላ ሕዝብ በዓለም ላይ ይኑር አይኑር አላጣራሁም፤ ያላጣራሁትን ደግሞ አልጽፍም።

ማጣራት ሥራዬ ነው። ደብረ ብርሃን ባለ አንድ የብርድ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ በሥራ ላይ የሚደርስ አደጋ እመዘግባለሁ። ማን፣ የት፣ በስንት ሰዓት፣ በምን ምክንያት። ሦስቱን በእስክርቢቶ እሞላለሁ። አራተኛው ላይ ስደርስ እጄ ይከብደኛል።

እትዬ ዘነበች የአንኮበር ሰው ናቸው፤ ከሱፍ ማበጠሪያው ማሽን ጋር ብዙ ዓመት ኖረዋል። ባለፈው ክረምት ማሽኑ የቀኝ እጃቸውን ሁለት ጣቶች ወሰደ። የፈረቃው ኃላፊ ጋሽ ግርማ ጠሩኝና «ምክንያት በሚለው ላይ በራሷ ቸልተኝነት በል፤ ነገር አናብዛ» አሉኝ። ይህች መስመር ከጸናች የእትዬ ዘነበች የመታከምም የመካስም መብት ገደል ሊገባ እንደሚችል አውቃለሁ። አውቄስ ምን አደረግሁ? በእርሳስ ጻፍኩት። ፈሪ ሰው ከሐቅ ጋር የሚታረቀው በእርሳስ ነው።

እትዬ ዘነበች ግን «መከላከያ ክዳኑ ካልተነሳ ማሽኑ ጣት አይበላም» ብለው አልፈርምም አሉ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ጋሽ ግርማ ሽማግሌ ሰበሰቡ። ሦስት ሽማግሌዎች፣ ራሳቸው ጋሽ ግርማ፣ ከኋላ ደግሞ እኔ ቅጹን ታቅፌ፣ እትዬ ዘነበች ቤት ሄድን።

ቆምን።

«ዘነቡ፣ ልጄ» አሉ የሽማግሌዎቹ አንጋፋ አባባ ወልዴ፣ «ይህ ሰው ከአንቺ ጋር ክፉ ደጉን ያየ ነው። ይቅር በይው።»

«ይቅር እላለሁ አባባ። ግን ምኑን? ያጠፋውን ሳልሰማ ምን ብዬ ይቅር ልበል?»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። በእኛ አገር በዳይ በደሉን በገዛ አፉ ሳይናገር እርቅ አይወርድም፤ አባባ ወልዴ ደግሞ ያረጁት ይህን ሥርዓት ሲያስፈጽሙ ነው። ወደ ጋሽ ግርማ ዞሩ።

«በል፣ ተናገር።»

ጋሽ ግርማ አቀረቀሩ። «ክዳኑን ያስነሳሁት እኔ ነኝ። ሥራ ያዘገይብናል ብዬ። እሷ ነግራኝ ነበር፤ አልሰማኋትም። አጥፍቻለሁ።»

«ይቅር ለእግዜር» አሉ እትዬ ዘነበች። ተሳሳሙ። ተመረቅን። ተቀመጥን።

አባባ ወልዴ ደስ ብሏቸው «በይ እንግዲህ ወረቀቱን ፈርሚለት» አሉ።

«ይቅርታው ለግርማ ነው አባባ። ወረቀቱ የሚያወራው ስለ ማሽኑ ነው፤ እኔ ከማሽን ጋር አልተጣላሁም። ነገ እዚያ የምትቆም ሌላ ሴት አለች።» ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ልጅ፣ አሁን የሰማኸውን ጻፍ፤ እፈርማለሁ።»

ጋሽ ግርማን አየሁ። ላጲሴን አወጣሁ። ከዚያ እንደ ሞኝ «በእስክርቢቶ ነው?» ብዬ ጠየቅሁ።

«በምን ኖሯል? በከሰል?» አሉ አባባ ወልዴ። «ጻፍ! እኛም በምስክርነት እንፈርማለን። ጆሯችን የሰማውን ለመፈረም እጃችንን ምን ያሳፍረዋል?»

ሦስቱም ፈረሙ። እትዬ ዘነበች የቀኝ እጃቸው በፋሻ ስለተጠቀለለ በግራ ፈረሙ። ፊደሉ ተንጋዷል። ብዙ ፊርማ አይቻለሁ፤ እንደዚያ ቀጥ ያለ ግን አላየሁም።

ስንወጣ ጋሽ ግርማ «ሽማግሌ ከምሰበስብ አርፌ ብቀመጥ ይሻለኝ ነበር» አሉኝ። ትንሽ ሄድ ብለን ደግሞ «ግን ቀለለኝ» አሉ።

የእትዬ ዘነበች መብት በዚያው ቅጽ ተከበረ፤ እጃቸው ሲድን ወደ ምርት ፍተሻ ተዛወሩ፤ ስህተት ካዩ ማንንም አይምሩም። ማሽኑም ክዳኑን ለብሶ ይሠራል። እውነት ነው፣ ብርድ ልብሱ ከድሮው ትንሽ ይዘገያል። ይዘግይ። የደብረ ብርሃን ብርድ እንደሆነ የትም አይሄድም።