የፋብሪካ ቀለም

ትናንት በሕልሜ መኪናችን ራት ጠረጴዛ ላይ በእኔ ወንበር ተቀምጣ አየኋት። መቀመጧ አልገረመኝም። ቤቱ ጎማ ጎማ መሽተቱም አልገረመኝም፤ ያ ሽታ ከቅዳሜ ጀምሮ መኝታ ቤታችን ውስጥ ነበር፣ እኔም የጌታነህ አዲስ ጫማ ነው ብዬ ትቼው ነበር። ያኔውኑ ጎንበስ ብዬ መፈለግ ነበረብኝ። አልፈለግሁም።

ባለቤቴ ጌታነህ መኪናዋን ከገዛት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆነው። ወይን ጠጅ ናት፤ ቀለሟ ከፋብሪካ እንደወጣ ነው፤ አንድ ጭረት የላትም። ለመስቀልና ለፋሲካ ትወጣለች። በቀረው ጊዜ ጋራዧ ውስጥ መጀመሪያ በአንሶላ፣ ከዚያ በብርድ ልብስ፣ ከላይ በላስቲክ ተሸፍና ትቆማለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ገልጦ በእርጥብ ጥጥ ያብሳታል፤ ሞተሯንም በቆመችበት አሥር ደቂቃ አስጩኾ መልሶ ይሸፍናታል። ዶሮ ማርባት የተውነው በእሷ ምክንያት ነው፤ ኮፈኗ ላይ ወጥተው ይጭራሉ ብሎ። ልጃችን ትርሲት በገዛ ግቢዋ ኳስ ሳትመታ ነው ያደገችው።

አሁን ትርሲት የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ፣ እንደ ወጉ፣ ወደ እኔ መጥታለች። ባሏ ሰመራ ላይ በሥራ ተይዟል። የእኛ ቤት ደሴ ከዳገቱ ላይ ነው፤ ሆስፒታሉ ከታች ነው። መንገዱ አስፋልት ሊነጠፍበት ነው ተብሎ ጠጠር ፈሶበታል። ቅዳሜ ከመናኸሪያ ይዣት ከመጣሁ ወዲህ የማስበው አንድ ነገር ነው፤ ምጡ ሲመጣ ጌታነህ መኪናዋን ያወጣታል ወይስ አያወጣትም?

«የቀለም ጠላት ጎማ ነው» ይለኛል። «ጠጠር እያነሳ የገዛ መኪናውን ይደበድባል።»

«ልጅህስ?»

«ገና ሦስት ሳምንት አላት። እስከዚያ አስፋልቱ ይደርሳል።»

እኔ ደግሞ ክፉውን አስቀድሜ የማይ ሰው ነኝ። ይህን እያሰብኩ ነው ትናንት አመሻሹ ላይ ወገቤን ላሳርፍ ጋደም ያልኩት።

በሕልሜ እንግዲህ መኪናዋ ዳቦ በሞተር ዘይት እያጠቀሰች ትበላ ነበር። እኔ ቆሜ አስተናግዳለሁ። ጌታነህ አውራ ጣት አክሎ፣ ከቁልፍ ጋር ታስሮ፣ ከመስታወቷ ላይ ተንጠልጥሏል።

«የሺ፣ እሜቴ ዘይቱ ቀጠነብኝ እያሉ ነው» አለኝ።

«አንተ እዚያ ምን ትሠራለህ?»

«ተንጠልጥያለሁ። አይታይሽም?»

መኪናዋ አፏን በጨርቅ ጠረገችና «ሴቶቹን ወደ ጋራዥ አስገቡልኝ፤ ጠል ሊወርድባቸው ነው» አለች።

ሁለት ሚኒባሶች በኋላ ጎማቸው ቆመው መጡ። አንዱ እኔን፣ አንዱ ትርሲትን ብብታችን ውስጥ ገብተው አነሱን። «ቀስ! ቀስ! በሩን እንዳታስነኳት!» እየተባባሉ አስገቡን። መጀመሪያ አንሶላ፣ ከዚያ ብርድ ልብስ፣ ከዚያ ላስቲክ አለበሱን።

«እማዬ፣ ትንፋሽ አጠረኝ» አለች ትርሲት ከላስቲኩ ሥር።

«ዝም በይ። ቆዳሽ ይጠበቃል» አልኳት። ለምን እንዲህ እንዳልኳት አላውቅም። በሕልም ሰው የማያምንበትን ይናገራል፤ በውኑስ ቢሆን።

ወዲያው ቅዳሜ ሆነ። ገለጡን። በእርጥብ ጥጥ ከላይ ወደ ታች አበሱን። አንዱ ሚኒባስ ክንዴን በደረቁ ሊጠርግ ሲል ሌላው በጥፊ መታውና «ደረቅ አቧራ ይጠረጋል? ትቦጫጭራት ብለህ ነው?» አለው። ከዚያ ባለንበት ቆመን አሥር ደቂቃ እንድንጮህ ታዘዝን። ጮኽን። ትርሲት ከእኔ ይልቅ ጮኸች። መኪናዋ ጆሮዋን አዘንብላ አዳመጠችና «ጥሩ ነው፤ ይሠራሉ» አለች። አፋችንን አስዘጉን።

ሊሸፍኑን ሲሉ ግን የትርሲትን ሆድ አየች። እርግዝናው ቆዳዋን ወጥሮ መስመር መስመር አውጥቶበታል። መኪናዋ መብራቷን አበራችበት።

«ይህን ማን ጫረው?»

ሚኒባሶቹ እርስ በርስ ተጠቋቆሙ።

«ማን ጫረው ነው የምለው! የፋብሪካ ቆዳ ነበር!»

«ከውስጥ ነው የተጫረው፣ እሜቴ» አለ አንዱ ሚኒባስ።

ቀለም ቀቢ ተጠራ። ጭረት መሙያ ስቱኮ በጣሳ በጥብጦ መጣና ሆዷን ጎንበስ ብሎ አየው። «ይህ በስቱኮ አይሞላም፤ ሁሉንም መላጥ ነው» አለ። እኔ ልጄን ላቅፋት ተነሳሁ፤ አልቻልኩም፤ የሆነ ነገር እዚያው አስቀረኝ። እግሬ ደንዝዞ ነው ብዬ ተውኩት።

ከበር ውጭ ጫጫታ ተሰማ። በሽንቁሩ አየሁ። ሐኪሞች ተሰልፈው ነበር፤ ሰልፉ ከእኛ በር ጀምሮ ቁልቁል እስከ ሆስፒታሉ ይደርሳል። ነጭ ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ብርድ ልብስና የምሳ ዕቃ ይዘው፣ አንዳንዶቹ እግር መንገዱ ላይ ተኝተው። በሩን የሚጠብቀው ጠጠሩ ነበር፤ ካኪ ለብሶ፣ ዱላ ይዞ።

«ማን ናችሁ?» አላቸው።

«ሐኪሞች ነን። አንዲት ወላድ ካለች ብለን ነው።»

«ካርድ አውጥታችኋል?»

«ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ጀምሮ እዚሁ ነን እኮ፣ ጋሼ ጠጠር!»

«ነገ ተመለሱ። ዛሬ እንቀባለን።»

አንድ ሽማግሌ ሐኪም ከሰልፉ ወጥቶ መሬት ላይ ተደፋ። «እባክዎ፣ የዛሬ ወር ጡረታ እወጣለሁ፤ አንድ ልጅ ሳላዋልድ!» እያለ አለቀሰ። ጠጠሩ እያንኮሻኮሸ ሳቀበት።

«እዚህ ናት! ልጄ እዚህ ናት!» ብዬ ጮኽኩ። አሥሩ ደቂቃዬ አልቆ ስለነበር ድምፄ አልወጣም።

ትርሲት ጥርሷን ነክሳ «እማዬ፣ መጣ» አለች።

መኪናዋ በእርጋታ ቀረበች። «ምን ያስቸኩላታል? አስፋልቱ ሲነጠፍ ትወልዳለች» አለች።

ያን ጊዜ ሕፃኑ ከሆድ ውስጥ፣ ጎርነን ባለ ድምፅ፣ «ኮንትራክተሩ ማነው?» ብሎ ጠየቀ።

መኪናዋም፣ ሚኒባሶቹም፣ ቀለም ቀቢውም ወደ መሬት አዩ።

«እንግዲያው አልጠብቅም» አለ ሕፃኑ።

ልጄን አንስቼ ልሮጥ አሁንም ታገልኩ። ወደ ታች ሳይ እግር የለኝም። ከቁርጭምጭሚቴ በታች ባዶ ነው፤ በእግሬ ፈንታ ሁለት ድንጋይ ላይ አስቀምጠውኛል። ትርሲትም እንደኔው በሁለት ድንጋይ ላይ ናት።

«እግሬን ማን ወሰደው?» አልኩ።

ጌታነህ ከመስታወቱ ሥር ተወዛወዘ። «የቆዳ ጠላት እግር ነው፣ የሺ። ከጠጠር ጋር የሚያጣላ እሱ ነው። እኛ ለእናንተው ብለን ነው።»

ከድንጋዩ ላይ ራሴን ጣልኩና በክርኔ መዳህ ጀመርኩ። ጋራዡ መኝታ ቤታችን ሆነ። ያ የጎማ ሽታ መራኝ። ከአልጋችን ሥር ገባሁ፤ ጨለማ ነው። እጄን ስሰድ በአንሶላ የተጠቀለለ ነገር ነካሁ። ፈታሁት። አራት እግሮች ጎን ለጎን ተደርድረዋል። ሁለቱን በተረከዜ ንቃቃት አወቅኋቸው። ሁለቱ በእርግዝና ያበጡት የትርሲት ነበሩ። አራቱንም ታቅፌ ልወጣ ስል መኪናዋ ጥሩምባዋን ነፋች። ሳታቋርጥ ነፋች። ጥሩምባው እየቀጠነ፣ እየቀጠነ ሄደና የልጄ ድምፅ ሆነ።

ነቃሁ።

«እማዬ!» ትርሲት የመኝታ ቤቱን መቃን ይዛ ቆማለች። ወለሉ ርሷል። «እማዬ፣ ውሃው ፈሰሰ!»

ሰዓቱ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ነበር። ሦስት ሳምንት የተባለው ምጥ በአምስተኛው ቀን መጣ። እየተደናቀፍኩ ወደ ሳሎን ወጣሁ። ጌታነህ ዜና እየሰማ ነበር። የሚለኝን ቃል በቃል አውቀው ነበር፤ የምመልስለትንም ስድብ አዘጋጅቼ ነበር።

እሱ ግን ትርሲትን አይቶ ብድግ አለ። ጃኬቱን ለበሰ። ከአንገቱ ላይ የጋራዡን ቁልፍ አወጣ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ያሰብኩበትን ክፉ ነገር ሁሉ አስቤ አፈርኩ። ልጄን ደግፌ ተከተልኩት። ጋራዡን ከፈተ፤ መብራቱን አበራ። ላስቲኩን አነሳ፤ አጠፈው። ብርድ ልብሱን አነሳ፤ አጠፈው። አንሶላው ጋ ሲደርስ ቆመ።

«ምን ትጠብቃለህ? ግለጠው እንጂ!»

«የሺ… ቆይ አንድ ነገር ልንገርሽ።»

እኔው ሳብኩት። ቀለሟ አበራ፤ መብራቱን እንደ መስታወት መለሰው። ወደ ታች አየሁ። መኪናዋ በአራት ድንጋይ ላይ ቆማለች።

«ጎማዎቿስ?»

«ቅዳሜ ነው ያወለቅኋቸው። አንቺ መናኸሪያ በሄድሽበት። ጠጠሩ ከመንገድ እስኪነሳ ብዬ እኮ ነው…»

«የት አሉ?» አልኩት እንጂ መልሱን አልጠበቅሁም። አምስት ሌሊት ተኝቼባቸዋለሁ።

«እገጥማቸዋለሁ! አርባ ደቂቃ ብቻ ስጪኝ፣ ማንሻው ክሪክም እዚሁ ነው፣ አርባ ደቂቃ…»

«ምጥ ብሎን እስክታጠብቅ ይጠብቅሃል? ተው እንጂ፣ ጌታነህ! ተው!»

ትርሲት የጋራዡን ግድግዳ ይዛ አጎነበሰች። መኪናዋን ልትደገፍ እጇን ዘርግታ መልሳ ሰበሰበችው። ከልጅነቷ የለመደችው ነው።

ወደ መንገድ ወጥቼ ጮኽኩ። ጎረቤታችን ኑርሁሴን ባጃጁን ሊያሳድር በሩን እየከፈተ ነበር። ሰማኝና እዚያው አዞራት። ባጃጁ ሦስት ዓይነት ቀለም አላት፤ ሦስቱም ተልጦ ቆርቆሮው ወጥቷል። በሩ በገመድ ነው የሚታሰረው።

«ግቡ፣ እትዬ የሺ፣ ግቡ! አይዞሽ እህቴ። እዚያ ጋ እንዳትደገፊ፣ ቀለሙ በልብስሽ ላይ ይቀራል» አላት። ትርሲት በምጥ መሃል ሳቀች።

ጌታነህ ያዘጋጀሁትን ቦርሳ ይዞ ሮጦ መጣ፤ እግራችን ሥር አስቀመጠው። ጠጋ ብዬ ቦታ ለቀቅሁለት።

«ግባ» አልኩት።

አንድ እግሩን አስገባ። ወደ ኋላ ዞሮ አየ። ጋራዡ ክፍት ነው፤ መብራቱ በርቷል፤ ወይን ጠጇ ከውስጥ ታብረቀርቃለች።

«እናንተ ቅደሙ» አለ እግሩን እያወጣ። «አልብሼያት፣ ቆልፌ እደርሳለሁ።»

ኑርሁሴን አልጠበቀም። ባጃጁ ቁልቁል ስትወርድ ጠጠሩ ሆዷን ጎኗን ይደበድባት ጀመር። እሱ ጎንበስ ብሎም አላያት።

«አባዬስ?» አለች ትርሲት እጄን ጨምቃ።

በባጃጁ የኋላ መስኮት ዞሬ አየሁ። ብርድ ልብሱን በመስታወቷ ዙሪያ ሸጎጥ ሸጎጥ እያደረገላት ነበር። ከዚያ መብራቱ ጠፋ። መወርወሪያው ሲጎተት፣ ቁልፉ ቀጭ ሲል የሰማሁ መሰለኝ፤ ከዚያም መያዙን ለማወቅ ሁለት ጊዜ ሲስበው።