አቶ እንደሻው የዓለማያን ደሴት ስለ መያዛቸው

በ፲፱፻፶፱ ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ሉቃስ ወንጌላዊ፣ አቶ እንደሻው ወርቁ የመዝገብ ቤት ሹም በሆኑ በሰባተኛው ዓመት፣ ጠረጴዛቸውም ነፋስ ከሚመታው ከበሩ ሥር ወደ መስኮቱ በተዛወረ በሁለተኛው ዓመት፣ የማኅተም ጠባቂ፣ የፋይል እረኛ፣ የጠፋ ደብዳቤ ፈላጊ፣ የሐረር ጸሐፍት ሁሉ አውራ የሆኑት እኒህ ሰው ብቻቸውን ለመቀመጥ ተነሡ። እንዲህ ያለውን ሐሳብ ከእርሳቸው በፊት ከሸዋ በር ወዲህም ሆነ ወዲያ ያሰበው የለም፤ ያሰበ ቢኖርም ለሰው አልተናገረም። እኛም ነገሩ ከየት እንደ ተነሣና እንዴት እንደ ተፈጸመ ሳንጨምርና ሳንቀንስ፣ ቢበዛ ትንሽ ጨምረን፣ እንጽፋለን።

የነገሩ ሥር ካሌንደር ነው። አንድ የውጭ አገር የመርከብ ድርጅት ለመሥሪያ ቤቱ በላከው በዚህ ካሌንደር፣ በጁላይ ወር ገጽ ላይ፣ ውኃው ሰማያዊ፣ አሸዋው ነጭ የሆነ የሩቅ ባሕር ደሴት ነበረ፤ በደሴቲቱም ዳር በአራት እግር የቆመች የሣር ጎጆ፣ በጎጆዋም ፊት አንዲት ወንበር ነበረች፤ በወንበሯም ላይ ማንም አልነበረም። አቶ እንደሻው ይህን ባዩ ጊዜ ገጹ እንዳይገለጥ አዘዙ፤ ስለዚህ በዚያ ክፍል ዓመቱን ሙሉ ጁላይ ሆነ፤ ቀን ለማየት ወደ ግድግዳው የሚያንጋጥጥ ባለጉዳይም ሁሉ ግራ ተጋባ።

ልባቸውን የማረከው ባሕሩ አልነበረም፤ ባዶዋ ወንበር ናት። በአርባ አራት ዓመት ዕድሜያቸው ለአንዲት ሰዓት ብቻቸውን ሆነው አያውቁምና። በቤታቸው ሰባት ልጆች፣ አማታቸው ወይዘሮ ሮማነወርቅ፣ ለትምህርት መጥተው በዚያው የቀሩ ሁለት የሚስታቸው ዘመዶች፣ አንድ ነገር ሊዋሱ ገብተው የተቀመጡ ጎረቤቶች አሉ፤ ከቤት ሲወጡ ዕድር፣ ከዕድር ሲወጡ ማኅበር፣ ከማኅበር ሲወጡ ልቅሶ ይጠብቃቸዋል፤ ሽንት ቤት እንኳ ሲገቡ ከውጭ ቆሞ የሚያስል አይጠፋም። ስለዚህ እንዲያ ባለች ወንበር ላይ ሦስት ቀን መቀመጥን፣ ሌላው ሹመት እንደሚመኝ ተመኙ፤ ከዚህ በቀርም ከዚህ ዓለም የሚፈልጉት አልነበራቸውም።

ወእምዝ፣ በነሐሴ መጨረሻ፣ ቡሽራ መጣ። ቡሽራ በዓለማያ ሐይቅ ዳር ማሽላና ድንች የሚያርስ፣ ለገበያ ሐረር የሚወጣ፣ አቶ እንደሻው አንድ ጊዜ ማመልከቻ ስለ ጻፉለት ሽንኩርት ሳይዝ ደጃቸውን የማይረግጥ ሰው ነው። በዚያ ክረምት ዝናቡ በርትቶ ሐይቁ ከዳሩ ወጥቶ ነበርና፣ በማሳው መካከል ያለው ጉብታ በውኃ ተከቦ መቅረቱን፣ ወፍና ዝንጀሮ የሚጠብቅበትም ማማ በጉብታው ላይ ብቻውን መቆሙን እያማረረ ነገራቸው። አቶ እንደሻው ብዕራቸውን አስቀመጡ። ማማ ማለት በአራት እንጨት ላይ የቆመ ጎጆ አይደለም? ዙሪያው ውኃ ከሆነስ ደሴት አይደለም? ሰው አለበት ወይ ብለው ጠየቁት። ቡሽራም ከዳክዬ በቀር ወላሂ ማንም የለበትም አላቸው። በዚያች ሰዓት ዘመቻው ቁርጥ ሆነ።

ነገር ግን አቶ እንደሻው ገና ከከተማ ሳይወጡ በቅጽ ተሸነፉ። በፈቃድ መጠየቂያው ቅጽ ላይ ምክንያት የሚል መስመር አለ፤ በዚያም መስመር ላይ ጣልያን ከወጣ ጀምሮ የሐረር ጸሐፊ ሁሉ ሲጽፍ የኖረው ልቅሶ፣ ሕመም፣ ሠርግ፣ ወይም የቁልቢ ስለት ነው። የሌላውን ሰው አያት ሦስት ጊዜ ሲሞቱ በመዝገብ ሲያስገቡ የኖሩት እኒህ ሰው፣ በገዛ ተራቸው እውነቱ ድንገት መጣባቸውና፣ በጥሩ የእጅ ጽሕፈት "ብቻዬን ለመቀመጥ" ብለው ጻፉ። ምን እንደ ነካቸው እስከ ዛሬ አልታወቀም።

ወረቀቱ በሦስት ሰዓት ከፊርማ ወጣ፤ በአምስት ሰዓት ፈረስ መጋላ ገበያ ደረሰ፤ በምሳ ሰዓት ሐኪም ጋራ ሥር ያሉት ሳይቀሩ ሰሙት። ገሚሱ ከሚስቱ ተጣልቶ ነው አለ፤ ገሚሱ ሊመነኩስ ነው አለ፤ ሐኪም ቤት ዘመድ ያለው ደግሞ ክፉ በሽታ ተነግሮት ነው አለ። ሰው በጤናው ብቻውን መቀመጥ ያምረዋል ያለ ግን አንድም አልተገኘም።

የአቶ እንደሻው ባለቤት ወይዘሮ ተናኘወርቅ ወሬውን የሰሙት ከጎረቤት ነው፤ ክፉኛም አዘኑ። ሃያ ሁለት ዓመት አብሬው የኖርኩት ሰው የሰለቸው ከእኔ ሌላ ማን ሊሆን ነው ብለው አሰቡ። አቶ እንደሻውም በእራት ጊዜ፣ አንቺን ጠልቼ አይደለም ብለው ሊያስረዱ ደጋግመው አፋቸውን ከፈቱ፤ ነገር ግን አንድ ጊዜ አማታቸው መቁጠሪያቸውን ፍለጋ ገቡ፣ አንድ ጊዜ ጎረቤታቸው ጽጌ ወንፊት ልትዋስ መጣች፣ አንድ ጊዜም ልጆቹ በእርሳስ ተደባደቡ። ባልና ሚስት በገዛ ቤታቸው ሁለት ቃል የሚነጋገሩበት ጥግ ስላልነበራቸው ነገሩ ሳይነገር አደረ። ወይዘሮ ተናኘወርቅም እንባቸውን ዋጥ አድርገው ስንቅ ቋጠሩ።

መስከረም ፲፱ ቀን፣ ሐሙስ፣ አቶ እንደሻው አንድ ወንበር፣ አንድ ጃንጥላ፣ አንድ ብርድ ልብስ፣ የሦስት ቀን በሶና ቆሎ ይዘው በአውቶቡስ ዘመቱ። ከሐረር ተነሥተው ሐማሬሳ ሠፈሩ፤ በዚያም ሹፌሩ የአክስቱን ልጅ ሰላም እስኪል ቆዩ። ከሐማሬሳ ተነሥተው አወዳይ ሠፈሩ፤ በዚያም ጫት እስኪጫን ከሚገባው በላይ ቆዩ። ከአወዳይ ተነሥተው ዓለማያ ወረዱ፤ ቡሽራም ከነአህያው ተቀበላቸው። አህያዪቱ የባሕሩ መርከብ ሆነች፤ ወንበሩ በግራ፣ ስንቁ በቀኝ ተጭኖ፣ ድል አድራጊውም ከላይ ሆነው፣ ሱሪያቸው እንዳይነካ እግራቸውን ሰብስበው ባሕሩን ከፈሉ። የባሕሩ ጥልቀት እስከ አህያዪቱ ሆድ ነበር።

በአራት ሰዓት ገደማ ደሴቲቱ ያለ ደም መፍሰስ ተያዘች። ወንበሩ በማማው ፊት ተተከለ፤ ቡሽራ አህያውን እየነዳ ተመለሰ፤ አቶ እንደሻውም ተቀመጡ። ማንም አልጠራቸውም። መጀመሪያ ደነገጡ፤ አንድ ነገር የረሱ መሰላቸውና ኪሳቸውን ዳበሱ። ከዚያም ትከሻቸው ቀስ እያለ ወረደ፤ ለካስ ያ ትከሻ ሃያ ዓመት ሙሉ ወደ ጆሮአቸው ተሰብስቦ ኖሯል። እውነቱን ለመጻፍ ውኃው ድፍርስ ነው፣ በአሸዋ ፈንታ ያለው የበሰበሰ አገዳ ነው፣ ትንኙም ይናከሳል። እርሳቸው ግን ከደስታቸው ብዛት አለቀሱ። ይህም መንግሥት እስከ ስድስት ሰዓት ተኩል ጸና።

በስድስት ሰዓት ተኩል፣ ተጣልተዋል የተባሉትን ባልና ሚስት ሊያስታርቅ ከሐረር በጭነት መኪና የተከተለው የአስታራቂ ሠራዊት በዳሩ ታየ። ከፊት፣ ከመንደሩ በተገኘች በቅሎ ላይ፣ የዕድሩ ዳኛ ግራዝማች አሰፋ፣ ቀባሪ አስቀባሪ፣ ተፈርተው የሚከበሩ፤ ከእርሳቸው ቀጥሎ የጀጎሉ ጨርቅ ነጋዴ ሐጂ ጀማል፣ ነገር አብራጅ፣ ጫታቸውን በብብታቸው እንደ ያዙ፤ ከዚያም ሽማግሎች ሰባት፣ የማኅበር ሴቶች አሥራ አንድ፣ ለገበያ መጥተው ምን ተፈጠረ ሲሉ የተሳፈሩ የሶፊ መንደር ሰዎች አራት። በጭነት መኪናው ላይ ደግሞ የዕድሩ ድንኳን ከነወንበሩና ከነድስቱ ነበረ፤ ነገሩ ሐዘን ይሁን ደስታ ገና ስላልተለየ ለሁለቱም ይሆናል ተብሎ ነው። በመካከላቸውም ወይዘሮ ተናኘወርቅ ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ስበው ቆመዋል።

የሚጋለበው ተጋልቦ፣ የሚሰበሰበው ሱሪና ቀሚስ ተሰብስቦ፣ ሽማግሎቹ ወይዘሮ ተናኘወርቅን ይዘው ተሻገሩ። ግራዝማች አሰፋ በደሴቲቱ ላይ ያለችውን አንዲት ወንበር እንዳዩ ሳይጠየቁ ተቀመጡባት፤ ችሎቱም ተከፈተ። አቶ እንደሻው ከሚስታቸው እንዳልተጣሉ ማሉ፤ ማንም አላመናቸውም። ያልተጣላ ሰው ወንበር ተሸክሞ ባሕር ውስጥ አይገባም ተባለ። ከዚያ በኋላ ወይዘሮ ተናኘወርቅ በደላቸውን እንዲናገሩ ታዘዙ።

እርሳቸው ግን ዞር ዞር ብለው ውኃውን አዩ፤ ማማውን አዩ፤ ባላቸው ሊነግሯቸው ፈልገው ያልነገሯቸው ምን እንደ ነበር ያን ጊዜ ገባቸው። ከዚያም ነጠላቸውን ከፊታቸው መልሰው እንዲህ ብለው አወጁ፦

"ግራዝማች፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ከወንበሩ ይነሡልኝ። ከእሱም ከማንም አልተጣላሁም። ካገባሁ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው፤ አንድ ቀን ስሜ ሳይጠራ ውሎ አያውቅም። ልተኛ ስል እጠራለሁ፣ ልጸልይ ስል እጠራለሁ። እሱስ ብቻውን መቀመጥ እንዳለ አውቆ አማረው፤ እኔ እንዲህ ያለ ነገር መኖሩንም አላውቅም ነበር። አሁን አየሁት። እስከ ቅዳሜ ማታ እዚህ እቀመጣለሁ። ሁላችሁም ሂዱልኝ፤ እሱንም ይዛችሁት ሂዱ።"

አቶ እንደሻው ወንበሩን ተመለከቱ፤ ዓመት ሙሉ የተመኙትን፣ በሁለት ሰዓት ተኩል ያለቀውን። ቅር አላቸው፤ ይህን አንሸሽግም። ቀጥሎም የሚስታቸውን ፊት ተመለከቱና፣ ከሁሉ ቀድመው፣ አህያም ሳይጠይቁ፣ ከነጫማቸው ወደ ውኃው ገቡ። የቀሩትም ተከተሏቸው፤ ግራዝማችም ከወንበሩ ተነሡ፤ እንዲህ ያለ ነገር በሕይወታቸው ታዘው አያውቁም።

በዳሩ ላይ ምክር ሆነ። ያልተጣሉትን ማስታረቅ አይቻልም፤ ሳያስታርቁ መመለስም ነውር ነው። ስለዚህ ድንኳኑ ተተከለ፤ በዕድሩ ደንብ አንዴ የተተከለ ድንኳን ሦስት ቀን ሳይሞላ አይነቀልምና ሁሉም ሠፈሩ። ግራዝማች በሁለተኛው ቀን ጫማቸውን አወለቁ፤ የማኅበር ሴቶች እግራቸውን ውኃ ውስጥ ነክረው ይጫወቱ ጀመር፤ ሐጂ ጀማል ጥላ ሥር ጋደም ብለው ጫታቸውን ቃሙ። እረፍት ላይ ነኝ ያለ ግን አንድም የለም፤ ሁሉም ሽምግልና ላይ ነኝ ይል ነበር።

አቶ እንደሻውም ከቡሽራ የወፍ ወንጭፍ ተውሰው በውኃው ዳር ቆሙ፤ እውነተኛው ጦርነት የተጀመረው ያን ጊዜ ነው። አማታቸው የጓዳው ቁልፍ የት እንዳለ ተናኘወርቅን ጠይቁልኝ ብለው ከሐረር ላኩ። ጽጌ የክርስትና ድግስ አለብኝና እሷ ሳትመጣ አይሆንልኝም ብላ ራሷ መጣች። አንዱ ልጅ ጥርሱን ታመመ፣ አንዱ ካልሲው ጠፋ ተባለ። አቶ እንደሻውም ወደ ሠራዊቱ ዞረው እንዲህ ሲሉ አወጁ፦

"የሰማ ላልሰማ ይንገር። ይህን ውኃ እስከ ቅዳሜ ማታ ማንም አይሻገርም። ቁልፍ የጠፋበት ይፈልገው፤ ካላገኘ በሩን ይስበረው። ጥርሱን ያመመውን ልጅ ስመለስ እኔ ሐኪም ዘንድ እወስደዋለሁ። ተናኘወርቅን መጥራት የሚፈልግ መጀመሪያ እኔን ይለፍ።"

ዓርብ ከቀትር በኋላ ግራዝማች አሰፋ፣ ከወንበር መነሣታቸው ሲከነክናቸው አድሮ፣ ሴት ልጅ ብቻዋን ውኃ መካከል አትከርምም፣ እኔው አመጣታለሁ ብለው በቅሎዋን ወደ ውኃው ነዱ። አቶ እንደሻው ልጓሟን ያዙ። ግራዝማችም ልቀቅ፣ ካልለቀቅህ ከዕድሩ ትሰረዛለህ፣ ስትሞት ማን እንደሚቀብርህ አያለሁ አሏቸው። ሐረር ላይ ከዚህ የከፋ ዛቻ የለም። አቶ እንደሻው ወደ ድንኳኑ ዞረው አንድ ቀን ሊቀብሯቸው የሚገባቸውን ሰዎች አዩ። ልጓሙን ግን አልለቀቁም።

ሐጂ ጀማል ጁምዓ ሰግደው መመለሳቸው ነበርና በመካከል ገብተው ተናገሩ፦ "ግራዝማች፣ ሰብር ያድርጉ። ይህች ሴት ኸልዋ ገብታለች። ኸልዋ የገባ ሰው ከአላህ ጋር ነው፣ አይጠራም። አባቶቻችን እዚሁ ሐረር ሲያደርጉት የኖሩት ነው፤ ምን አዲስ ነገር አለው?"

ግራዝማችም ጥቂት አሰቡና፣ እንዲያማ ከሆነ ሱባዔ ነው፣ ለምን ከመጀመሪያው አልተነገረኝም ብለው በቅሎዋን መለሱ። ነገሩ ስም ባገኘ ጊዜ ሁሉም ተነፈሰ። ትናንት ጉድ ያሉት ሴቶች ዛሬ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ ይባባሉ ጀመር፤ እኔ ድሮውንም ጠርጥሬ ነበር የሚለውም በዛ። አቶ እንደሻው ግን በነገሩ አልተዘናጉም፤ ሁለቱንም ሌሊት በዳሩ አደሩ።

ቅዳሜ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ቡሽራ በአህያው ተሻግሮ ወይዘሮ ተናኘወርቅን አመጣቸው፤ ሕዝቡም በእልልታ ተቀበላቸው። ግራዝማች እኛንስ በጸሎትሽ አሰብሽን ወይ ብለው ጠየቁ፤ እርሳቸውም አንገታቸውን ደፉ፤ ይህም እንደ ትሕትና ተቆጠረላቸው። ድንኳኑ ተነቅሎ ሁሉም በጭነት መኪናው ላይ ሲጓዝ ግን፣ ሰው በወሬና በዘፈን ተጠምዶ ማንም አይሰማም ነበርና፣ ወደ ባላቸው ጆሮ ጠጋ ብለው እንዲህ አሏቸው፦

"አንዲት አቡነ ዘበሰማያት አልደገምኩም። ዝም ብዬ ነው የተቀመጥኩት። ዛሬ ጧት ግን ናፈቅኸኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ናፍቀኸኝ አታውቅም እኮ፤ ጊዜ አልነበረኝም።"

አቶ እንደሻውም ያን ብርድ ልብስ አንሥተው በሚስታቸው ትከሻ ላይ ደረቡላቸው።

እንግዲህ ውዳሴ ለእኒህ ሰው ይሁን፤ በአህያ ባሕር ለከፈሉ፣ በቅጽ ላይ እውነት ለጻፉ፣ የግራዝማችን በቅሎ በልጓሟ ላቆሙ፣ የመዝገብ ቤት ዓምድ፣ የዓለማያ ዳር ዘብ፣ በሁለት ሰዓት ተኩል ነግሠው ዙፋናቸውን በፈቃዳቸው ለለቀቁ። ደሴት የያዘ ብዙ ነው፤ ከሃያ ሁለት ዓመት በኋላ በገዛ ሚስቱ የተናፈቀ ግን፣ በሐረር ታሪክ ከአቶ እንደሻው ወርቁ በቀር ተጽፎ አላገኘንም።